ለዴስክቶፕ ማስዋቢያ ነጻ ነገር ስናወርድ ቫይረስ እንዳይከተለን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት መልሶች በአብዛኛው ስለ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ናቸው። ማክ እና ሊኑክስ ወደ መጨረሻው ተነስተዋል። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ፤ ሌላው በሱ ይቀላል። ስዕል ይታያል፤ ፕሮግራም ደግሞ ይሠራል። ስዕል ፈልጋችሁ ፕሮግራም ከሰጧችሁ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ዎልፔፐር (የዴስክቶፕ ጀርባ ስዕል) በማውረድ ብቻ ቫይረስ ይገባል?

ፋይሉ የእውነት ስዕል ከሆነ አይገባም ማለት ይቻላል። የጄፒጂ ወይም የፒኤንጂ ፋይል የቀለም መረጃ ነው። ፎቶ ማሳያው ያነበዋል፣ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል፣ አለቀ።

«ማለት ይቻላል» ያልኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዴ ስዕሉን የሚያነበው ፕሮግራም ራሱ ቀዳዳ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ደብሊውኤምኤፍ በሚባለው የዊንዶውስ የስዕል ዓይነት ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተገኝቶ ስዕሉን ማየት ብቻ ኮምፒውተር ያስጠቃ ነበር። ማይክሮሶፍት የደፈነው በጃንዋሪ 2006 ነው። በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ዌብፒ የሚባለውን የስዕል ዓይነት በሚያነበው ኮድ ላይ ከባድ ስህተት ተገኘና ክሮምም ፋየርፎክስም በችኮላ አፕዴት አወጡ። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ መድኃኒቱ አፕዴት ነው። ዊንዶውስ እና ብሮውዘራችሁ ወቅታዊ ከሆኑ በዚህ በኩል ብዙ አትጨነቁ።

ታዲያ ሰዎች ዎልፔፐር አውርደው የሚጠቁት እንዴት ነው?

የወረደው ነገር ዎልፔፐር ስላልሆነ ነዋ።

መንገዱን እንየው። «ነጻ 4ኬ ዎልፔፐር» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። የሚከፈተው ገጽ ላይ የሚያምር ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «ዳውንሎድ» የሚሉ ሁለት ሦስት ትልልቅ አረንጓዴ ቁልፎች። ከነዚህ አብዛኞቹ ማስታወቂያ ናቸው። እውነተኛው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቀለሙም የማይስብ ጽሑፍ ሆኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል። አረንጓዴውን ስትጫኑ አዲስ ገጽ ይከፈታል፣ ከአሥር ወደ ታች ይቆጥራል፣ ከዚያ ዚፕ ፋይል ይወርዳል። ዚፑን ስትፈቱት ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አለ። የፎቶ ምልክት አለው። ስሙ «ሰሜን ተራሮች 4ኬ.ጄፒጂ» ይላል። ሁለት ጊዜ ትጫኑታላችሁ። ምንም አይከፈትም። «ተበላሽቷል መሰለኝ» ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

ፋይሉ ግን አልተበላሸም። ሙሉ ስሙ «ሰሜን ተራሮች 4ኬ.ጄፒጂ.ኤስሲአር» ነበር፤ ኤስሲአር ደግሞ የፕሮግራም ፋይል መጨረሻ ነው። ዊንዶውስ ካልነገራችሁት በስተቀር የሚያውቃቸውን የፋይል ዓይነቶች የመጨረሻ ፊደላት ይደብቃል፤ ስለዚህ የምታዩት «ጄፒጂ» የሚለውን ብቻ ነው። የፎቶ ምልክቱም ምንም አያረጋግጥም። ማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ ለፕሮግራሙ የፈለገውን ምልክት መስጠት ይችላል።

በዚህ መንገድ ከሚገቡት መካከል ዛሬ በጣም የተለመዱት መረጃ ሰራቂዎች ናቸው። እንደ ድሮው ቫይረስ ስክሪኑን አያጠፉም፣ ኮምፒውተሩንም ላያዘገዩት ይችላሉ። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችኋቸውን ፓስወርዶች፣ አካውንታችሁ እንደገባ የሚያቆዩትን ኩኪዎች፣ የዴስክቶፕ ቴሌግራማችሁን ሴሽን (አካውንታችሁ እዚያ እንደተከፈተ የሚያቆየውን መረጃ) ሰብስበው ይልካሉ። ሬድላይን እና ሉማ የሚባሉት ስማቸው የወጣ ናቸው። የሬድላይንን ሰርቨሮች የተለያዩ አገራት ፖሊሶች ተባብረው የያዙት በኦክቶበር 2024 ነው። ሉማ ላይ ማይክሮሶፍት እና የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የዘመቱት ደግሞ በሜይ 2025 ነው። ኩኪ ሲሰረቅ ክፋቱ፣ ሌባው ፓስወርድም በስልክ የሚመጣ ኮድም ሳይጠየቅ አካውንታችሁ ውስጥ ሊገባ መቻሉ ነው።

የፋይሉን ሙሉ ስም ለማየት ምን ላድርግ?

ዊንዶውስ 11 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱ። ከላይ «ቪው» የሚለውን፣ ከዝርዝሩ ታች «ሾው» የሚለውን፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» ስትሉ እዚያው ሳጥን ታገኛላችሁ፤ ምልክት አድርጉበት። አንዴ ካደረጋችሁት በዚያው ይቆያል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የምመርጠው ይሄንን ነው።

ከዚያ በኋላ መጨረሻው ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ኤምኤስአይ፣ ባት፣ ሲኤምዲ፣ ጄኤስ ወይም ቪቢኤስ የሆነ «ፎቶ» ካያችሁ አጥፉት። መክፈት አያስፈልግም። ለማጣራትም ቢሆን።

ሁለት የሚያመልጡ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፕሮግራም የሚመራ አቋራጭ ነው። የሾርትከት ፋይል መጨረሻ ከላይ ያለውን ብታደርጉም አይታይም። የሚለየው ምልክቱ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ የታጠፈች ቀስት ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ዎልፔፐር ሾርትከት የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ተንኮል ረቀቅ ያለ ነው። እንደ ዓረብኛ እና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚያገለግል የማይታይ ምልክት አለ። እሱን ስሙ መሐል ሲከቱት የፊደላቱ ቅደም ተከተል ይገለበጥና ፕሮግራሙ መጨረሻው ጄፒጂ መስሎ ይታያል። ይሄን የሚያጋልጠው የፎልደሩ «ታይፕ» የሚለው አምድ ነው። የፎልደሩን አቀማመጥ «ዲቴይልስ» አድርጉት። ስሙ ምንም ይበል፣ አምዱ «አፕሊኬሽን» ወይም «ስክሪን ሴቨር» ካለ ፕሮግራም ነው።

ስክሪን ሴቨር ለምን ተለይቶ ስሙ ይነሳል?

ስክሪን ሴቨር (ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ምስል) ከመጀመሪያውም ፕሮግራም ስለሆነ ነው። ኤስሲአር የሚባለው ፋይል ውስጡ ከኢኤክስኢ ጋር አንድ ነው፤ የተለየው ስሙ ብቻ ነው። ዓሣ የሚዋኝበት ገንዳ ያሳያችሁ ይሆናል። እያሳያችሁ ከኋላ ሌላ ሥራ መሥራትም ይችላል።

ታሪኩም ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ማካፊ የተባለው የአንቲቫይረስ ድርጅት በኢንተርኔት ፍለጋ ላይ የትኞቹ ቃላት ሰውን ወደ አደገኛ ገጽ እንደሚወስዱ ሲያጠና፣ አሜሪካ ውስጥ ቁንጮ ላይ የተገኘው «ስክሪን ሴቨርስ» የሚለው ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ «አይነኬ» የሚባለው ሊኑክስም አልቀረለትም። ግኖም ሉክ ከሚባለው የማስዋቢያ ድረ ገጽ የፏፏቴ ስክሪን ሴቨር ያወረዱ ሰዎች ኮምፒውተራቸው ሌሎች ድረ ገጾችን በጥያቄ ብዛት ለማጨናነቅ የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ስክሪን ሴቨር ማውረድ ይቅርባችሁ። የተፈጠረው የድሮዎቹ ወፍራም ስክሪኖች ላይ አንድ ምስል ሲቆይ መስታወቱ ላይ ጥላው ታትሞ ስለሚቀር ነበር። ለዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ከዚህ የሚሻለው ስክሪኑ ራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ነው፤ መብራትም ይቆጥባል። ውበቱን ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ውስጥ «ፎቶስ» የሚባል አብሮ የመጣ ስክሪን ሴቨር አለ። የራሳችሁን የፎቶ ፎልደር አሳዩት፤ የልጆቻችሁን ፎቶ ያዞርላችኋል።

የማውዝ ቀስት እና አይከንስ?

ፋይሎቹ ራሳቸው፣ ማለትም ሲዩአር፣ ኤኤንአይ እና አይሲኦ፣ የስዕል ዘመዶች ናቸው። አይሠሩም። እነሱም ግን አንድ ክፉ ቀን አላቸው። ተንቀሳቃሽ የማውዝ ቀስት በሚነበብበት የዊንዶውስ ኮድ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ ማይክሮሶፍት ወርኃዊ ቀኑን እንኳ ሳይጠብቅ ኤፕሪል 3 ቀን 2007 መድፈኛ አውጥቷል።

ችግሩ ያለው ቀስቱን «የሚጭንላችሁ» ፕሮግራም ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮሜት ከርሰር የሚባል ነገር ነበር፤ የማውዙን ቀስት ወደ ካርቱን ይለውጣል። በ1999 ሲጣራ ግን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ሰጥቶ የጎበኟቸውን ገጾች ለድርጅቱ እንደሚያሳውቅ ተደረሰበት። በዚያው ዘመን ስክሪን ላይ የሚጨፍር ቦንዚ ባዲ የተባለ ሐምራዊ ጎሪላም ነበር። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ግን ማስታወቂያ እያመጣ የብሮውዘሩን መነሻ ገጽ የሚለውጥ ጎሪላ ነበር።

ቀስት ለመቀየር ምንም ፕሮግራም አያስፈልግም። ዚፑን ፍቱ። ውስጡ ሲዩአር እና ኤኤንአይ ብቻ መሆናቸውን እዩ። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ማውዝ»፣ «ፖይንተርስ»፣ «ብራውዝ» ብላችሁ አንድ በአንድ ምረጧቸው። ያሰለቻል፤ አሥራ ምናምን ቀስት ነው። ብዙ ሰው «ሴትአፕ» የሚለውን የሚጫነው ይሄንን ድካም ሸሽቶ ነው።

ሙሉ ቲም ማውረድስ?

ቲም ማለት የዴስክቶፑን ፎቶ፣ ቀለም እና ሌላ መልክ በአንድ ላይ የሚቀይር ጥቅል ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር ከሆነ ያውርዱት። «ፐርሰናላይዜሽን» ውስጥ «ቲምስ» ስትሉ ወደዚያ የሚወስድ ሊንክ አለ። አብዛኞቹ ነጻ ናቸው፤ ውስጣቸውም ፎቶ እና የቀለም ምርጫ ነው።

ከሌላ ቦታ የሚመጣ የቲም ፋይል ግን ከሚመስለው በላይ ነገር መሸከም ይችላል። በሴፕቴምበር 2023 ማይክሮሶፍት የዘጋው «ቲምብሊድ» የሚባል ቀዳዳ ነበር። የቲም ፋይሉን መክፈት ብቻ ሩቅ ካለ ሰርቨር የመጣ ኮድ ኮምፒውተሩ ላይ ሊያሠራ ይችል ነበር። ይህ አሁን ተደፍኗል፤ አፕዴት ላደረገ ሰው። አፕዴት አጥፍቶ ለሚኖር ሰው ግን ዛሬም ክፍት ነው።

ሌላው፣ ዊንዶውስን ማክ የሚያስመስሉ ወይም የዊንዶውስ ኤክስፒን መልክ የሚመልሱ ቲሞች አሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩት የዊንዶውስን የራሱን ሲስተም ፋይል በመለወጥ ነው። ሁሉም ቫይረስ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ለማላውቀው ሰው የኮምፒውተሬን ልብ ከፍቼ ለመልክ ብዬ አልሰጥም። አፕዴት ሲመጣም ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑ ይበላሻል።

የሚንቀሳቀስ ዎልፔፐር፣ የሰዓት እና የአየር ሁኔታ ዊጀትስ?

እዚህ ጋ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ማምለጫ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «የማን ፕሮግራም?» ይሆናል። ላይቭሊ ዎልፔፐር ነጻ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማይክሮሶፍት ስቶር ላይም አለ። ዊጀትስ የሚያሳየው ሬይንሜተርም ነጻ እና ኮዱ ክፍት ነው። ዎልፔፐር ኢንጂን ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ በክፍያ ይሸጣል። ዋጋው ውድ አይደለም፤ እንዲያም ሆኖ ሰው ክራኩን ያሳድዳል። የዶላር ክፍያ ለኛ ችግር መሆኑ ይገባኛል። ግን ክራክ ማለት የማታውቁት ሰው የነካካው ፕሮግራም ነው። ላይቭሊ በነጻ እያለ ለምን?

ሬይንሜተርን ከዋናው ገጹ ብታወርዱትም ለሱ የሚሠሩት ስኪኖች (መልኩን የሚወስኑት ጥቅሎች) የሌላ ሰው ሥራ ናቸው። የስኪን ጥቅል ውስጡ ዲኤልኤል፣ ማለትም የሚሠራ ኮድ፣ ሊይዝ ይችላል። ሲጫን የሚመጣው መስኮት «ፕለጊንስ» ብሎ ከዘረዘረ ቆም በሉ። ሰዓት ብቻ ለሚያሳይ ስኪን ፕለጊን ምን ያደርግለታል?

ማይክሮሶፍት ራሱ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያመጣቸውን ጋጀቶች (የራሱን የዴስክቶፕ ዊጀትስ) በጁላይ 2012 አጥፏቸው ብሎ ማጥፊያ መሣሪያ ማውጣቱን አትርሱ። ምክንያቱ ደኅንነት ነበር። ዛሬም «የዊንዶውስ 7 ጋጀቶችን መልሱ» የሚሉ ጥቅሎች ይዞራሉ።

ኢንስቶል ሳደርግ ያልጠየቅኩት ነገር አብሮ ገባ። ከየት መጣ?

«ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት» ከሚለው ልማዳችን። ነጻ ፕሮግራሞች ገንዘብ ከሚያገኙበት መንገድ አንዱ ሌላ ፕሮግራም ደርቦ መጫን ነው። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው መስኮት ላይ «ኤክስፕረስ (የሚመከር)» እና «ከስተም» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። «ከስተም» የሚለው ደብዘዝ ብሎ፣ የማይጫን መስሎ ይጻፋል። እሱን ስትመርጡ ነው ምልክት የተደረገባቸው ሳጥኖች የሚወጡት፦ የፍለጋ ገጻችሁን የሚለውጥ፣ «ፒሲ አፋጣኝ»፣ የማታውቁት ብሮውዘር። ሁሉንም ምልክት አንሱ። የ«አክሰፕት» እና «ዲክላይን» መስኮት ከመጣ «ዲክላይን» ማለት ተጨማሪውን አልፈልግም ማለት እንጂ ጠቅላላ ጭነቱን ማቋረጥ አይደለም።

ስመ ጥር መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሶርስፎርጅ ለዓመታት የታመነ የነጻ ሶፍትዌር ቤት ነበር። በ2015 ግን ጊምፕ የሚባለው ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሠሪዎች ትተውት በሄዱት ገጽ ላይ ጊምፕን ከማስታወቂያ ጭነት ጋር ጠቅልሎ ሲያወርድ ተገኘና ትልቅ ቁጣ ተነሳ። ባለቤቱ ተቀይሮ አሠራሩ የቆመው በቀጣዩ ዓመት ነው። ፕሮግራም ሲያስፈልጋችሁ ከሠሪው ገጽ በቀጥታ አውርዱ። ጉግል ላይ ከላይ የሚመጣው «ስፖንሰርድ» የሚል ውጤት ማስታወቂያ ስለሆነ ዝለሉት፤ የታወቀ ፕሮግራም ስም ይዘው የሚመጡ የውሸት ገጾች እዚያ ተገኝተዋል።

ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል» ስር ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ምርጫ አለ። ጠፍቶ ከሆነ አብሩት።

ከቴሌግራም ቻናል ያገኘሁት ወይም በጓደኛ ፍላሽ የመጣስ?

ቴሌግራም ላይ ቀላል መለያ አለ። በፎቶ መልክ የተላከ ምስል፣ ማለትም ቻቱ ውስጥ ራሱ ተከፍቶ የሚታየው፣ ፎቶ ነው። ቴሌግራም ራሱ አሳንሶ እንደገና ያዘጋጀዋል። ጥራቱ ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቻናሎች ዎልፔፐርን በፋይል መልክ ይልካሉ። ይህም በራሱ ክፉ አይደለም። ስሙን እና መጨረሻውን ማየት ግን የናንተ ሥራ ነው።

በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ወይም ራር ከሆነ፣ ፓስወርዱም ከሥሩ «1234» ተብሎ ከተጻፈ፣ ተዉት። ለሁሉም የተሰጠ ፓስወርድ ምን ይጠብቃል? የሚያደርገው ነገር ቢኖር አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳያይ መከልከል ነው። ዎልፔፐር ምስጢር አይደለም።

ፍላሽ ላይ በየኢንተርኔት ቤቱ እና በየማተሚያ ቤቱ የምናውቀው ሾርትከት ቫይረስ አለ። ፎልደሮቻችሁ ይደበቃሉ፤ በየስማቸው ሾርትከት ይተካል። ስትጫኑት ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሳል። ስለዚህ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ፍላሽ ስትሰኩ ፎልደሮቹ ላይ ያቺ የታጠፈች ቀስት ካለች ምንም ሳትከፍቱ መጀመሪያ ስካን አድርጉት።

«ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስ አጥፋ» ይላል። ላጥፋ?

አታጥፉ። ፋይሉንም ሰርዙት።

«ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ብሎ የሆነ ነገር ፔስት አድርግ አለኝ

ይሄኛው ከ2024 ወዲህ በጣም የተስፋፋ ነው። ለማውረድ ስትሉ የተለመደውን የማረጋገጫ ሳጥን የመሰለ ይወጣል። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ጋር ተጫኑ፣ ኮንትሮል እና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር ይላል። ሳጥኑን ስትነኩ ገጹ ድብቅ ትእዛዝ ኮፒ አድርጎላችኋል። እነዚያን ቁልፎች ስትጫኑ ትእዛዙን የምትፈጽሙት እናንተው ናችሁ። ፋይል ስላላወረዳችሁ ብሮውዘሩ የሚያስጠነቅቀው ነገር አይኖርም። እውነተኛ ማረጋገጫ የትራፊክ መብራት ፎቶ ምረጥ ይላል እንጂ ከብሮውዘሩ አያስወጣችሁም።

አንቲቫይረስ አለኝ፤ አይበቃም?

ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ለአብዛኛው ሰው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ጥሩ ነው፤ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ መጫን ደግሞ የቀልድ ያህል ነው። ዛሬ ጠዋት የተሠራን ቫይረስ ግን ማንኛውም አንቲቫይረስ ላያውቀው ይችላል። ነገ ሲያውቀው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ፓስወርዱ ሄዷል።

የምትጠራጠሩት ፋይል ካለ ሳትከፍቱ ቫይረስቶታል ላይ ጫኑት። የጉግል ነው፤ ፋይሉን ከ60 በላይ በሚሆኑ አንቲቫይረሶች ያስፈትሻል። ብዙዎቹ ቀይ ካሉ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ወይም ሁለት የማይታወቁ ብቻ ቀይ ካሉ ስህተት ሊሆን ይችላል። ሁሉም አረንጓዴ ቢሆንም አዲስ ሊሆን ይችላልና ፎቶ የመሰለ ፕሮግራም አሁንም ይጣላል። የሚጫነው ፋይል ለደኅንነት ባለሙያዎች ስለሚጋራ መታወቂያችሁን ወይም የመሥሪያ ቤት ሰነድ እዚያ አትጫኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለተራዘመው የደኅንነት አፕዴት ያልተመዘገበ ኮምፒውተር አዲስ ለሚገኙ ቀዳዳዎች መድፈኛ አይመጣለትም።

እሺ፣ ከየት ላውርድ?

ለፎቶ አንስፕላሽ፣ ፔክስልስ እና ፒክሳቤይ አሉ። ሦስቱም ጄፒጂ በቀጥታ ይሰጣሉ፤ ዚፕም ኢንስቶለርም የለም። የጠፈር ፎቶ ለሚወድ ናሳ የራሱን በነጻ ያወጣል።

እኔ የማዘወትረው ዊኪሚዲያ ኮመንስን ነው። በማስታወቂያ አያስጨንቅም። ላሊበላ፣ የፋሲል ግንብ፣ ዳሎል፣ ሰሜን ተራሮች እያላችሁ በእንግሊዝኛ ስማቸው ፈልጉ። የሰሜን ጭላዳ ሳር ሲግጥ በቅርብ የተነሳ ፎቶ ታገኛላችሁ፤ የዳሎል ቢጫ እና አረንጓዴ ጨውማ መሬት ደግሞ ለሰፊ ስክሪን የተፈጠረ ይመስላል። ስታወርዱ የምስሉን መጠን መምረጥ ይቻላል። ስክሪናችሁ 1920 በ1080 ከሆነ ትልቁን ኦሪጅናል ማውረድ ዳታ ማባከን ነው። ከፎቶው ሥር ፈቃዱ ተጽፏል፤ ለራሳችሁ ዴስክቶፕ ችግር የለውም፣ ለሌላ ሥራ ከሆነ ግን አንብቡት።

የራሳችሁ ስልክ ፎቶም አለ። ጋደም አድርጋችሁ አንሱት።

አዲስ ታብ ሲከፈት ፎቶ የሚያሳይ ኤክስቴንሽንስ?

ኤክስቴንሽን ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስትጭኑት የሚጠይቀውን ፈቃድ አንብቡ። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃህን ማንበብ እና መለወጥ» ካለ አትቀበሉ። ፎቶ ለማሳየት የባንክ ገጻችሁን ማንበብ አያስፈልገውም። ክሮም ያለ ምንም ኤክስቴንሽን አዲስ ታብ ላይ የራስን ፎቶ ያስቀምጣል፤ ታች በስተቀኝ «ከስተማይዝ» የሚለውን ፈልጉ።

ማክ ወይም ሊኑክስ ነው ያለኝ። ይመለከተኛል?

ይመለከታችኋል። የሊኑክሱን ስክሪን ሴቨር ከላይ አንስቻለሁ። በማርች 2024 ደግሞ ኬዲኢ ከሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ስቶር አንድ ቲም የጫነ ሰው የግል ፋይሎቹ በሙሉ ተሰረዙበት። ተንኮል አልነበረም፤ የኮድ ስህተት ነበር። ግን ቲም ኮድ ማሠራት እንደሚችል ብዙ ሰው ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ማክ ላይ ዎልፔፐር ብላችሁ ያወረዳችሁት ነገር ፓስወርዳችሁን ከጠየቀ ወይም ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈቱ ካለ ዝጉት።

ከፍቼዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ዋይፋዩን አጥፉ ወይም ገመዱን ንቀሉ። ፍላሽ አትሰኩ።

ቀጥሎ ስልካችሁን ያዙ። ፓስወርድ የምትቀይሩት ከስልኩ ነው እንጂ ከዚያ ኮምፒውተር አይደለም፤ ከዚያው ከቀየራችሁ አዲሱም ሊሰረቅ ይችላል። ከኢሜይል ጀምሩ፣ ምክንያቱም የሌላው ሁሉ ፓስወርድ የሚታደሰው በሱ ነው። ከዚያ ባንክ፣ ከዚያ ፌስቡክ እና የመሳሰለው። ፓስወርድ መቀየር ብቻ አይበቃም። «ከሁሉም ዲቫይስ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ፤ የተሰረቀውን ኩኪ ዋጋ የሚያሳጣው እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ሌሎቹን ሴሽኖች በሙሉ ዝጉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካልነበራችሁ አሁን አብሩ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ስር «ኦፍላይን ስካን» አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን፣ የብሮውዘሩን ኤክስቴንሽኖች እና በቅርብ የተጫኑ ፕሮግራሞችን እዩ። «5 ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል መልእክት ጥግ ላይ እየመጣ ካስቸገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ «አላው» ብላችሁ የፈቀዳችሁለት ድረ ገጽ ነው። በብሮውዘሩ የኖቲፊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከልክሉት፤ ይጠፋል።

ፕሮግራሙ በርግጥ ከተነሳ ግን፣ በተለይ ባንክ ወይም የሥራ አካውንት ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ ፎርማት ማድረግ ይሻላል። ፎቶ እና ሰነዳችሁን ብቻ አስቀሩ፤ የወረዱ ኢንስቶለሮችን ይዛችሁ አትመለሱ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮምፒውተር ሰሪ ጋ ወስዶ ፎርማት ያስደርግና ፓስወርዱን ሳይቀይር ይቀራል። ፎርማት የተሰረቀውን አይመልስም።

ልጆች የሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ነው፤ የቻሉትን ሁሉ ያወርዳሉ

ለነሱ የተለየ አካውንት ክፈቱላቸው፤ ዓይነቱ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይሁን። ለመላው ኮምፒውተሩ የሚጫን ነገር ሲመጣ የናንተን ፓስወርድ ይጠይቃል። ሁሉንም አያስቆምም፤ መረጃ ሰራቂ ያለዚያ ፈቃድም ሊሠራ ይችላል። ግን ጉዳቱ በአብዛኛው የነሱ አካውንት ላይ ይወሰናል፤ የናንተ ፓስወርዶች በዚያኛው አካውንት ውስጥ የሉም። የፋይል መጨረሻ ማሳያውን እነሱ አካውንት ላይም ማብራት እንዳትረሱ፤ ለየአካውንቱ ለየብቻ ነው የሚስተካከለው።